ስለ ሰማይ መንኰራኵሮች ኀይል፤ ለገበሬም ስላስገኘው ጥቅም

ቤቱን በደንብ የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው በየቀኑ ወደ ቤቱ የሚገባው ምን ያህል እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛውም ከገባው ላይ ለሌሊትና ለክረምት የሚያቈየው ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን የዘነጋ ባለቤት ሀብቱ ምንም የበዛ ቢሆን በችግር ቀን ቤቱ መናጋቱ አይቀርም። ይህም ሕግ በምድር ላይ ላለ ጐተራ ብቻ የተሠራ አይደለም። በ400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ሰዎች የሚኖሩበት የሰማይ ጣቢያም፤ ከ35,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሰውን ቃል ከአገር ወደ አገር የሚያደርሰው ሳተላይትም የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ለአገር አስተዳዳሪና ለባለ እርሻ ይህ ነገር ከሥራው የራቀ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የዝናብ ወሬ፤ የሩቅ አገር ቴሌፎን፤ ነዳጅ የማይጠይቅ የውሃ መሳቢያና ወፍጮ፤ እነዚህ ሁሉ ከዚህ ምርምር ጋር የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ ምርምሩ በምን መንገድ ተጀምሮ ወደ መንደር እንደ ደረሰ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታትና ወራት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ምርምር ቤቱ

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ታላቅ የመንግሥት ምርምር ቤት አለ። መሠረቱ የተቈፈረው በጃንዋሪ 1941 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥራው የአውሮፕላን ሞተርን መመርመር ብቻ ነበር። በ1948 ሉዊስ ተብሎ ተሰየመ። በ1958 ናሳ የተባለው የጠፈር መሥሪያ ቤት በተቋቋመ ጊዜ ከርሱ ሥር ገባ። በ1962 ከአሜሪካውያን ወገን መጀመሪያ ምድርን በመንኰራኵር የዞረውን ጆን ግሌንን ለማክበር በ1999 ግሌን የሚል ስም ተሰጠው።

ይህ ቤት ብዙ ዓይነት ሥራ ያለው ቢሆንም ለዚህ ጽሕፈት የሚስማሙት ሦስቱ ናቸው። እነርሱም መንኰራኵር የሚኖርበትን የኤሌክትሪክ ኀይል ማዘጋጀት፤ ክብደት በማይሰማበት ስፍራ እሳትና ውሃ የሚያሳዩትን ጠባይ መመርመር፤ በሳተላይት ቃልን ማስተላለፍ ናቸው። ሦስቱም አንድ አሳብ አላቸው። ወደ ሰማይ ከተላከ በኋላ የተበላሸ ዕቃ እንደ ማረሻ ወደ ባለ እጅ ተወስዶ አይጠገንም፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሳይላክ በፊት በምድር ላይ ተፈትኖ መታወቅ አለበት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው ነው።

ስለ ኀይል

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪዬት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለውን የመጀመሪያውን ሳተላይት ወደ ሰማይ ሰደደች። ክብደቱ 83.6 ኪሎ ግራም ነበር። የሚሠራው ግን በውስጡ በተጫነለት ባትሪ ብቻ ስለ ነበረ፥ ሦስት ሳምንት ያህል ድምፁን ለዓለም ካሰማ በኋላ ስንቁ አለቀና ዝም አለ። በሚከተለው ዓመት ማርች 17 ቀን 1958 አሜሪካውያን ቫንጋርድ የተባለውን ሰደዱ። ይህ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ሁለት የራዲዮ ማሰሚያ ነበሩት፤ አንዱ በባትሪ፥ ሁለተኛው ከፀሐይ ብርሃን በሚገኝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በባትሪ የሚሠራው በጥቂት ወር ውስጥ ደከመ፤ ከፀሐይ የሚቀበለው ግን እስከ 1964 ድረስ ሠራ።

ከነዚህ ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ባትሪ ብቻ ይዞ የሄደ መሣሪያ በአገልግሉ ስንቅ ቋጥሮ እንደ ወጣ መንገደኛ ነው፤ ስንቁ ባለቀበት ቀን መንገዱም ያልቃል። ከፀሐይ የሚቀበል መሣሪያ ግን እርሻ እንዳለው ገበሬ ነው፤ ትንሽም ቢሆን በየቀኑ የሚያገባው ስላለው ዕድሜው ይረዝማል።

ከፀሐይ ኀይልን የሚሰበስበው ሰሌዳ የሚሠራው ከሲሊኮን ነው። ይህ ንጥረ ነገር በአሸዋ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ተጣርቶ በስስ ይቈረጥና ሌላ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይጨመርበታል። ብርሃን ባረፈበት ጊዜ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ከስፍራቸው ይነሡና በአንድ ወገን መሄድ ይጀምራሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚባለውም ይኸው ነው። የሚሽከረከር ነገር የለበትም፤ ጭስም የለውም፤ ነዳጅም አይጠይቅም። በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ያሉ ሊቃውንት ለሥራ የሚበቃውን ሰሌዳ ሠርተው ያሳዩት በ1954 ነው።

ነገር ግን ፀሐይ ሁልጊዜ አትገኝም። ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ምድርን በ90 ደቂቃ ያህል አንድ ጊዜ ስለሚዞር፥ በ24 ሰዓት ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ይነጋለታል፤ 16 ጊዜ ያህልም ይመሽበታል። በያንዳንዱም ዙር እስከ 36 ደቂቃ ድረስ በምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። በዚያ ጊዜ ሰዎቹ የሚተነፍሱትን አየር የሚያጣራው መሣሪያ፤ ከውጭ ያለውን ብርድና ሙቀት የሚመልሰው መሣሪያ፤ ከምድር ጋር የሚያነጋግረው ራዲዮ፤ ሁሉም ያለ ፀሐይ መሥራት አለባቸው። አየር የሚያጣራው መሣሪያ የቆመ እንደ ሆነ አደጋው በሰዎቹ ሕይወት ላይ ነው።

የዚህን ጣቢያ የኤሌክትሪክ ሥራ በማሰናዳት በኩል ዋናውን ድርሻ የያዘው የክሊቭላንዱ ቤት ነበር። ጣቢያው 8 ታላላቅ ክንፎች አሉት፤ የያንዳንዱ ርዝመት ወደ 35 ሜትር፥ ስፋቱም ወደ 12 ሜትር ይጠጋል። የሰሌዳዎቹ ስፋት ባንድ ላይ 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም በአገራችን ልማድ አንድ ጥማድ ከሚባለው መሬት ጋር ይተካከላል። ክንፎቹ የሱፍ አበባ ፊቷን ወደ ፀሐይ እንደምትመልስ ሁሉ ፀሐይን እየተከተሉ ይዞራሉ።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የኀይሉ አከፋፈል ነው። ጣቢያው በብርሃን ውስጥ ሳለ ከሚያገኘው ኤሌክትሪክ ከመቶ 60 ያህሉ በዚያው ሰዓት አይበላም፤ ወደ ባትሪ ይገባል። የቀረው ብቻ ለዕለቱ ሥራ ይውላል። ይህም ማለት ከአሥር ቁና ስድስቱን ወደ ጐተራ አግብቶ በአራቱ እንደ ማደር ነው። ኀይል ያነሰ እንደ ሆነም መጀመሪያ የሚጠፋውና መጨረሻ የሚጠፋው አስቀድሞ በተራ ተጽፏል፤ ምርምሩ ይቆማል፥ አየር የሚያጣራው ግን አይቆምም።

ባትሪም ያረጃል። ቀድሞ የነበሩት 48 ባትሪዎች በኒኬልና በሃይድሮጅን የሚሠሩ ነበሩ፤ ከ2017 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ በ24 የሊቲየም ባትሪዎች ተተኩ። ክንፎቹም ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ደከሙ ከ2021 ጀምሮ ሌሎች አዳዲስ ሰሌዳዎች ተጨመሩባቸው። የዚያ ጣቢያ አስተዳዳሪዎች ዕቃው ሳይሞት በፊት የሚተካበትን ቀን ያውቃሉ።

ፀሐይ ለብዙ ቀን የምትሰወርበት ስፍራ ደግሞ አለ። በጨረቃ ላይ አንድ ሌሊት 14 የምድር ቀን ያህል ይረዝማል። ለዚያ ያህል ሌሊት የሚበቃ ባትሪ መጫን እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፥ ይኸው ቤት ከሌሎች የመንግሥት ቤቶች ጋር ሆኖ ከዩራኒየም ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ በኔቫዳ በረሃ ሞከረው። ሙከራው በኖቬምበር 2017 ተጀምሮ በማርች 2018 ለ28 ሰዓት ያህል በሙሉ ኀይል በመሥራት ተፈጸመ።

ክብደት ስለማይሰማበት ስፍራ

ብዙ ሰው በጠፈር ጣቢያ ያሉት ሰዎች የሚንሳፈፉት የምድር ስበት ወደዚያ ስለማይደርስ ነው ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምድር ስበት በመሬት ላይ ካለው ከመቶ 90 ያህሉ አለ። ክብደት የማይሰማቸው ጣቢያውም እነርሱም ባንድነት ሳያቋርጡ ወደ ምድር ስለሚወድቁ ነው። ነገር ግን በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት ስለሚገሠግሡ፥ ሲወድቁ የምድር ክብነት ከሥራቸው እየጐበጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይወድቃሉ እንጂ ከመሬት አይደርሱም።

ይህን ነገር በምድር ላይ ለጥቂት ጊዜ ማግኘት የሚቻለው አንድን ዕቃ በመጣል ነው። በክሊቭላንድ ምርምር ቤት ከ1966 ጀምሮ የሚሠራበት 155 ሜትር የሚጠልቅ ጕድጓድ አለ። በውስጡ የብረት በርሜል የሚመስል ታላቅ ክፍል ቆሟል፤ አየሩ ጥቂት እስኪቀር ድረስ በመሣሪያ ተመጦ ይወጣል። የሚመረመረው ነገር በሣጥን ሆኖ ከላይ ይለቀቃል፤ 132 ሜትር ይወርዳል። የመውደቁም ጊዜ 5.18 ሴኮንድ ነው። በመጨረሻ በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ፍጥነት ስለሚኖረው፥ ጥቃቅንና ቀላል የፖሊስታይሪን ፍሬዎች በተሞሉበት ማቆሚያ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ከዚህ ያነሰ 24 ሜትር የሚጣልበት ሌላ ማማም አለ፤ እርሱ የሚሰጠው 2.2 ሴኮንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የብዙ ሳምንት መሰናዶ የሚደረገው ለአምስት ሴኮንድ ነው። ነገር ግን በነዚያ አምስት ሴኮንዶች የሚታየው ነገር በሌላ መንገድ ሊታይ አይችልም።

የሻማ ነበልባል በምድር ላይ ጫፉ ሹል ነው። ይህም የሆነው የሞቀው አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ሲወጣ፥ ቀዝቃዛው አየር ከሥር ስለሚተካ ነው። ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ግን ቀላልና ከባድ የሚባል ነገር ስለሌለ አየሩ አይወጣም፤ ነበልባሉም እንደ ኳስ ድቡልቡል፥ መልኩም ሰማያዊ ይሆናል። በጠፈር ጣቢያ የነዳጅ ጠብታ እያቃጠሉ ሲመረምሩ ደግሞ ያልታሰበ ነገር አገኙ። የሚታየው ነበልባል ከጠፋ በኋላ ጠብታው ከተራ እሳት እጅግ በቀዘቀዘና በዓይን በማይታይ እሳት መቃጠሉን ቀጠለ። እንደ ተዳፈነ ፍም ሆኖ የጠፋ የመሰለው አልጠፋም ነበር። ይህም ዕውቀት ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ ሸሽቶ የሚወጡበት በር በሌለው መንኰራኵር ውስጥ የእሳትን አደጋ ለመከላከል፤ ሁለተኛ በምድር ላይ በትንሽ ነዳጅ ብዙ የሚሠሩና ጭሳቸው ያነሰ ሞተሮችን ለማሰብ ነው።

ውሃም በዚያ ስፍራ ጠባዩ ይለወጣል። አይፈስም፤ አይዘቅጥም፤ ተድበልብሎ ይቀመጣል ወይም ባገኘው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በጣቢያው ውስጥ አትክልት ለማብቀል የሞከሩ ሰዎች ያስቸገራቸው የውሃ ማነስ ብቻ ሳይሆን የውሃ አለመውረድ ነው። ውሃው በሥሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ሥሩን አየር ይከለክለዋል። በዋልካ መሬት ውሃ የተኛበትን እህል ያየ ገበሬ ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ሊቃውንቱም ሥሩ የሚይዘውን ከረጢት በተተኰሰ የሸክላ ጠጠር እየሞሉ አየርና ውሃ በልክ እንዲገናኙ ቢያደርጉ፥ በኦገስት 2015 የጣቢያው ሰዎች በዚያው የበቀለ ቀይ ሰላጣ ለመብላት በቁ።

ቃልን ስለ ማስተላለፍ

ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሳተላይት አንድ ዙሩን የሚፈጽመው ምድር ራሷን በምትዞርበት ጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ በምድር ላለ ሰው አንድ ስፍራ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ከአንድ አገር የተላከለትን የራዲዮ ሞገድ ተቀብሎ፥ አጠንክሮ ወደ ሌላው አገር ይመልሳል። በተራራ ጫፍ ቆሞ ከዚህ ሸለቆ የሰማውን ለዚያ ሸለቆ የሚያሰማ ጠሪ ማለት ነው።

የጠሪው ድምፅ ደካማ ከሆነ ሰሚው ታላቅ ጆሮ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳተላይቶቹ ኀይላቸው ጥቂት ስለ ነበረ፥ በምድር ያሉት መቀበያዎች እንደ ቤት የሚሰፉና ብዙ ገንዘብ የሚፈጁ ነበሩ። ለታላላቅ ከተሞች እንጂ ለገጠር አይሆኑም። ጃንዋሪ 17 ቀን 1976 የካናዳና የአሜሪካ መንግሥታት ባንድነት ሄርሜስ የተባለ ሳተላይት ላኩ። የክሊቭላንዱ ቤት ለዚህ ሳተላይት 200 ዋት የሚያሰማ ማጠንከሪያ አዘጋጀለት፤ ይህም በዘመኑ ከነበሩት የመገናኛ ሳተላይቶች ሁሉ የሚበልጥ ኀይል ነበር። የላይኛው ድምፅ በበረታ ጊዜ የታችኛው መቀበያ ትንሽና ርካሽ ሊሆን ቻለ። በዚህም ከሐኪም ርቀው ያሉ ሰዎች በሽታቸውን ለሐኪም እንዲያሳዩ፥ ተማሪዎችም ሩቅ ካለ አስተማሪ እንዲማሩ ተሞከረ። ዛሬ በየቤቱ ጣራ ላይ የሚታየው ዲሽ መንገዱ ከተጠረገባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ስለ ኀይል የተደረገው ምርምር ስለ መገናኛ ከተደረገው ተለይቶ የማይታየውም ስለዚህ ነው።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 1993 ደግሞ ኤክትስ የሚባለው ሳተላይት በዲስከቨሪ መንኰራኵር ተጭኖ ሄደ። ይህ ቀድሞ ብዙ ያልተሠራበትን ከፍ ያለ ሞገድ የሚጠቀም ነበር። ከፍ ያለው ሞገድ ብዙ ቃል ይሸከማል፤ ነገር ግን አንድ ጠላት አለው፤ እርሱም ዝናብ ነው። የዝናብ ጠብታዎች ሞገዱን እየዋጡና እየበተኑ ያደክሙታል። ሊቃውንቱም ለዚህ መላ ፈጠሩ። ዝናብ የያዘው ጣቢያ የተለየ እንደ ሆነ፥ ለዚያ ጣቢያ ብቻ ቃሉ በዝግታና ስሕተትን በሚያርም አኳኋን ይደርስለታል፤ ሌሎቹ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላሉ። ለሁሉ እኩል ከመስጠት ይልቅ ለቸገረው በችግሩ ልክ መስጠት ሥራውን እንዳሳካው የታወቀ ነው። ይህ ሳተላይት ለምርምር ከታሰበለት ዘመን አልፎ እስከ 2004 ድረስ ሠርቷል።

ወደ መንደር ስለ ወረደው ጥቅም

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ገንዘብ ለሚተርፋቸው መንግሥታት ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። የክሊቭላንዱ ቤት መሐንዲሶች ግን ለመንኰራኵር የሠሩትን ሰሌዳ፥ ባትሪና የኀይል አከፋፈል የኤሌክትሪክ ሽቦ ላልደረሰበት መንደር ይሆን እንደ ሆነ ለመፈተን አሰቡ። አሳባቸውም ትክክል ነበር፤ ከታላቅ ከተማ ርቆ ሽቦ ያልተዘረጋለት መንደር በኀይል በኩል ከመንኰራኵር ብዙ አይለይም። ሁለቱም የሚኖሩት ራሳቸው በሚሰበስቡት ነው።

በዲሴምበር 1978 በአሜሪካ በአሪዞና በረሃ የጥንት የአገሩ ተወላጆች በሚኖሩባት ሹቹሊ በምትባል ትንሽ መንደር 3.5 ኪሎ ዋት የሚሰጡ ሰሌዳዎች ተተከሉ። ለውሃ መሳቢያ፤ ለመብራት፤ ለማቀዝቀዣ፤ ለልብስ ማጠቢያና ለስፌት መኪና አገለገሉ። ከዚያም ማርች 1 ቀን 1979 በምዕራብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ የላይኛው ቮልታ ትባል በነበረችው፥ ከ1984 ወዲህ ቡርኪና ፋሶ በተባለችው አገር፥ ታንጋዬ በምትባል መንደር ሌላ ሥራ ተጀመረ። በዚህ የተተከለው 1.8 ኪሎ ዋት ብቻ ነበር፤ ሥራውም ሁለት ነው፤ እህል መፍጨትና ውሃ መሳብ።

ታንጋዬ የተመረጠችበት ምክንያት ሊታሰብበት ይገባል። መሐንዲሶቹ ሊያውቁ የፈለጉት ሰሌዳው መሥራቱን ብቻ አይደለም፤ በድንጋይ ሲፈጩና ከሩቅ ውሃ ሲቀዱ የሚውሉት ሴቶች ያ ድካም ቢቀልላቸው ጊዜያቸውን በምን እንደሚያውሉት ጭምር ነበር። ይህን ነገር በወፍጮ ላይ ተደፍታ ሌሊቱን የምታጋምስ ሴት ባለችበት አገር ያደገ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ዶሮ ሳይጮህ የተነሣች ሴት ለልጇም፥ ለእርሻዋም፥ ለጤናዋም የሚተርፋት ጕልበት የለም። ኀይሉም በ1981 እጥፍ ሆኖ 3.6 ኪሎ ዋት ደረሰ። ከዚህም ሌላ ይኸው ቤት ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ የሚጠብቅ በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አሰናድቶ በብዙ አገር አስሞክሯል። ክትባት ከሞቀ ኀይሉን ያጣል፤ ኀይሉን ያጣ ክትባት የተወጋ ሕፃንም እንዳልተከተበ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ዝናብ

ኢትዮጵያ የራሷን የመጀመሪያ ሳተላይት በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከቻይና አገር አስወንጭፋለች። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ የተላከውም ምድርን ከላይ እያየ ለእርሻ፥ ለደንና ለውሃ ጥናት የሚረዳ ሥዕል እንዲያነሣ ነው፤ መቀበያውም በእንጦጦ ተራራ ላይ ተሠራ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብ የሚገኘው ብዙው ወሬ የሌሎች መንግሥታት ሳተላይቶች ከሚልኩት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። እነዚህ የደመና ሳተላይቶች የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ሰፍረው አይነግሩም። የሚለኩት የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ ነው፤ ከፍ ያለና የቀዘቀዘ ደመና ብዙ ጊዜ ዝናብ ስለሚሰጥ ከዚያ ተነሥተው ይገምታሉ። ግምት ደግሞ ይስታል። ከፍ ብሎ የሚታይ ስስ ደመና ቀዝቅዞ ሳይዘንብ ያልፋል፤ በደጋ ተራራ ላይ የሚያርፍ ዝቅተኛ ደመና ደግሞ ብዙም ሳይቀዘቅዝ ይዘንባል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሊቃውንት ጋር ሆኖ፥ ከ30 ዓመት ያላነሰውን የሳተላይት ግምት በየጣቢያው በሰው እጅ ከተለካው ዝናብ ጋር አዋሕዶ አስተካክሎታል። ጣቢያ በሌለበት ሳተላይቱ ይሞላል፤ ሳተላይቱ በሳተበት ደግሞ ጣቢያው ያርመዋል።

ከዚህም የሚከተለው ለወረዳ ሹማምንት ታላቅ ነገር ነው። በገጠር ባለ ትምህርት ቤት ወይም በእርሻ ጣቢያ ግቢ የቆመው የዝናብ መስፈሪያ የሳተላይቱ ዳኛ ነው። ጠባቂው ሳያይ የጻፈው ቍጥር፥ ወይም ረስቶ ባዶ የተወው ቀን በመጽሐፉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የድርቅ ማስጠንቀቂያውንም ያሳስታል። በተሳሳተም ማስጠንቀቂያ ዘሩን ያለ ጊዜው የበተነ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ይጐዳል።

ለአስተዳዳሪዎችና ለባለ እርሻዎች የሚገባ ጥንቃቄ

የፀሐይ ሰሌዳ፥ የውሃ መሳቢያና ወፍጮ ለሚያስተክሉ ሰዎች ከዚህ ምርምር የሚገኘው ምክር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ከመግዛት በፊት መቍጠር። በቀን ስንት ቁና እህል እንደሚፈጭ፥ ስንት እንስራ ውሃ እንደሚሳብ ተጽፎ ይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው በዚያ ልክ ይገዛ። ለወፍጮ ተብሎ በተተከለ ሰሌዳ ላይ ቴሌቪዥንና ሌላ ዕቃ መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ውሎ አድሮ ወፍጮውን ያቆመዋል።

ሁለተኛ፤ ለደመናና ለሌሊት ማቈየት። በክረምት ፀሐይ ስለምትሰወር በበጋው ልክ የተሠራ ዕቃ በክረምት ይጐድላል። ውሃ መሳቢያ የሆነ እንደ ሆነ ግን ከባትሪ ይልቅ ከፍ ባለ ስፍራ የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ ይሻላል። ፀሐይ ባለችበት ቀን የተቀዳ ውሃ ራሱ ጐተራ ነውና።

ሦስተኛ፤ የሚቀደመውን በተራ መጻፍ። ኀይል ባነሰ ጊዜ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ይቅደም፥ ቀጥሎ ውሃው፥ ቀጥሎ ወፍጮው፥ መብራቱም ከዚያ በኋላ ይሁን። ይህ ደንብ ችግር ሳይመጣ በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ቢወሰን፥ ችግሩ በመጣ ቀን ጠብ አይነሣም።

አራተኛ፤ ጠባቂ ማኖር። ሰሌዳው አቧራ ከሸፈነው የሚሰጠው ኀይል ይቀንሳል፤ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ በየጊዜው ይጠረግ። ሽቦው እንዳይላላ፥ ዛፍና ሣር ጥላ እንዳያጠላበት የሚያይ፥ ስሙ የታወቀ፥ ደመወዙም የተቈረጠለት አንድ ወንድ ወይም አንዲት ሴት ይኑር። የሁሉ ነው የተባለ ዕቃ ጠባቂ የለውም።

አምስተኛ፤ የመተኪያውን ገንዘብ አስቀድሞ መለየት። ሰሌዳው ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ባትሪው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ያረጃል። ከወፍጮው ገቢ በየሳምንቱ ጥቂት እየተቀነሰ በታመነ እጅ ካልተቀመጠ፥ ባትሪው በሞተ ቀን ሴቶቹ ወደ ድንጋዩ ወፍጮ ይመለሳሉ፤ ሰሌዳውም የግቢ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስድስተኛ፤ የዝናብ መስፈሪያውን መመልከት። የወረዳ ሹም ለጕብኝት በወጣ ጊዜ መዝገቡን ያስቀርብ፤ የተጻፈውን ከጠባቂው ጋር ይመርምር፤ በደንብ የሚሠራውን በሰው ፊት ያመስግን። የሚመጣውም የዝናብ ወሬ በጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ እንዳይቀር፥ በገበያ ቀንና በዕድር ስብሰባ ገበሬው በሚረዳው ቃል ይነገር። ወሬው ከሳተላይቱ ተነሥቶ እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ገበሬው ደጅ ያለውን መንገድ ግን የሚያሳጥረው የሹሙ ትጋት ብቻ ነው።